በአየር ስለሚሄድ የዋይፋይ መረብ ጥበቃና ለቤት የሚሆን መሣሪያ ስለ መምረጥ

በጭሮና በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ዙሪያ ላሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችና መምህራን

መግቢያ

ሰው ቤት ሲሠራ አስቀድሞ ምሰሶ ያቆማል፤ ቀጥሎ ግድግዳውን ይመርጋል፤ ጣራውን ይከድናል፤ በመጨረሻም በር ገጥሞ ቁልፍ ያበጅለታል። ቁልፍ የሌለው ቤት ምንም እንኳ ያማረ ቢሆን ባለቤቱ ልቡ አርፎ አይተኛበትም። በዚህ በዘመናችን ግን ብዙ ሰዎች የግቢያቸውን በር በብረት ዘግተው ሳለ፥ ሌላ የማይታይ በር ከፍተው ያድራሉ። ይህ የማይታይ በር ዋይፋይ የሚባለው በአየር የሚሄድ የኢንተርኔት መረብ ነው።

ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረችው በጭሮ፥ እንዲሁም በሂርና፥ በበደሳ፥ በገለምሶና በሚኤሶ ይህ መረብ ከመሥሪያ ቤት አልፎ ወደ ሱቁ፥ ወደ ሻይ ቤቱና ወደ መኖሪያ ቤቱ ገብቷል። ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶችም እየደረሰ ነው። በብዙ ቤት ግን አባትና እናት የመሣሪያውን ዋጋ ይከፍላሉ እንጂ አያያዙን የሚያውቁት ልጆች ናቸው። ስለዚህ፥ ልጆች ሆይ፥ ይህን ትምህርት ለራሳችሁ ብቻ ሳይሆን ለቤተ ሰቦቻችሁም ጭምር አንብቡት።

ትምህርቱ የሚያስረዳው አንድ ነገር ነው። ይኸውም በአየር የሚሄደውን ነገር ግድግዳ አይጠብቀውም፤ የሚጠብቀው ቁልፉ ነው። እንግዲህ መሣሪያ ስንገዛ ስለ አንቴናው ብዛትና ስለ መልኩ ከመጠየቃችን አስቀድሞ፥ ስለ ቁልፉ ልንጠይቅ ይገባናል።

፩። ራውተር ምንድር ነው

ቴሌፎንና ቴሌግራፍ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፥ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ተዘርግቶ ነበር። ኢንተርኔት ደግሞ ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ፥ በ1989 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሥራ ጀመረ። ዛሬ ኢንተርኔት ወደ ቤት የሚደርሰው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው በመዳብ የቴሌፎን ሽቦ፤ ሁለተኛው ፋይበር በሚባለው ብርሃን በሚያስተላልፍ ቀጭን የመስታወት ክር፤ ሦስተኛው እንደ እጅ ስልክ በሲም ካርድ ነው።

ራውተር የሚባለው መሣሪያ በደጅ የደረሰውን ኢንተርኔት ተቀብሎ ለቤቱ ሰዎች ስልክና ኮምፒዩተር የሚያድል ነው። ሥራው ደብዳቤ እንደሚያድል ሰው ነው፤ የመጣውን መልእክት አድራሻውን አይቶ ለየባለቤቱ ይሰጣል፤ የሚወጣውንም ተቀብሎ ይልካል። ደግሞም በረኛ ነው፤ ማን ይግባ ማን ይቅር ብሎ የሚፈርደው እርሱ ነው። በረኛው ቸልተኛ የሆነ እንደ ሆነ የቤቱ ሰው ሁሉ ይጎዳል።

፪። በአየር የሚሄደው ከሽቦው የሚለይበት

በሽቦ የሚሄደውን ነገር ለመስረቅ የፈለገ ሰው ወደ ምሰሶው ቀርቦ ሽቦውን መንካት ግድ ይሆንበታል፤ ሰውም ያየዋል። በአየር የሚሄደውን ግን በመንገድ ዳር ተቀምጦ፥ ስልኩን በኪሱ አድርጎ፥ ማንም ሳያየው ሊቀበለው ይችላል።

የዋይፋይ መሣሪያ የሚሠራው እንደ ራዲዮ ባለ ማዕበል ነው። ሁለት የታወቁ መደቦች አሉት። አንዱ 2.4 ጊጋኸርትዝ፥ ሁለተኛው 5 ጊጋኸርትዝ ይባላል። አንድ ጊጋኸርትዝ ማለት በአንድ ሴኮንድ አንድ ሺህ ሚሊዮን ጊዜ መወዛወዝ ነው። የ2.4ቱ ማዕበል ርቆ ይሄዳል፤ የጭቃውንም ግድግዳ በደኅና ያልፋል፤ ነገር ግን የጎረቤቱ ሁሉ መሣሪያ በርሱ ስለሚሠራ ይጨናነቃል። የ5ቱ ማዕበል ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል። ቆርቆሮ ሁለቱንም ይመልሳቸዋል። በጣራው የተመለሰው ማዕበል ግን በመስኮትና በግድግዳ በኩል ወደ መንገድ ይወጣል። ስለዚህ የመረቡን ድንበር በግቢያችን አጥር ልንለካው አንችልም።

እንግዲህ ማዕበሉ እንዳይወጣ መከልከል ካልተቻለ ምን ይደረጋል? የሚወጣው ነገር ለሌላ ሰው የማይገባ እንዲሆን ይደረጋል። ቅኔ በጉባኤ ሲዘረፍ ሰሙን ሁሉ ይሰማዋል፤ ወርቁን ግን የሚያገኘው መንገዱን የሚያውቅ ነው። መሣሪያውም እንዲሁ መልእክቱን በምሥጢራዊ ጽሕፈት ለውጦ ይልከዋል፤ መልሶ ሊያነበው የሚችለው የይለፍ ቃሉን፥ ብዙ ሰው ፓስዎርድ የሚለውን፥ ያወቀ ነው።

የይለፍ ቃሉ በሌላ እጅ የገባ እንደ ሆነ ሦስት ጉዳት ይመጣል። ፊተኛው፥ የገዛነውን የኢንተርኔት ጥቅል ሌላው ይጨርሰዋል። ሁለተኛው፥ ወደ ውስጥ የገባው ሰው ክፉ ቢሆን የራውተሩን መንገድ ጠቋሚ ለውጦ፥ ወደ እውነተኛው ገጽ የምንሄድ መስሎን ወደ ሐሰተኛው እንድንሄድ ያደርገናል። ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል፤ በኛ መረብ ገብቶ ወንጀል የሠራ ሰው ቢኖር አስቀድሞ የሚፈለገው የርሱ ሳይሆን የኛ አድራሻ ነው።

፫። በራሴ የደረሰ ነገር

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። በጭሮ ከተማ ተከራይቼ በምኖርበት ቤት በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ገዝቼ ነበር። የይለፍ ቃሉንም እንዳልረሳው ብዬ የራሴን የስልክ ቁጥር አደረግሁት። በየወሩ የተወሰነ ጥቅል እገዛለሁ፤ ፊት ወር ሙሉ ይበቃን የነበረው ኋላ በ18ኛው ቀን ያልቅ ጀመር። እኔም ነገሩን ሳልመረምር የ14 ዓመት ልጄን ጠርቼ፥ «ሌሊት ፊልም የምታይ አንተ ነህ» ብዬ ገሠጽሁት። እርሱ አላየሁም አለኝ፤ እኔ ግን አላመንሁትም፤ ስልኩንም ወሰድሁበት።

ከጥቂት ቀን በኋላ በግቢው የሚኖር አንድ ወጣት ወደ ቤቴ መጥቶ የራውተሩን ገጽ ከፍቶ አሳየኝ። በዚያም ገጽ ከመረቡ የተያያዙት መሣሪያዎች ዝርዝር ነበረ። የኛ ቤት መሣሪያዎች አራት ናቸው፤ በዝርዝሩ የተገኙት ግን አሥራ አንድ ነበሩ። እኔ ጸሐፊ ስለ ሆንሁ የስልክ ቁጥሬን ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በቢሮዬ በር ላይም ተለጥፏል። ስለዚህ ቁልፌን በራሴ እጅ በአደባባይ ሰቅዬው ኖሯል።

በዚያው ማታ ልጄን ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ስልኩንም መለስሁለት። የይለፍ ቃሉን የለወጠውም እርሱ ነው። ያልቅ የነበረው ጥቅል በሚመጣው ወር ይተካል፤ ያለ ጥፋቱ የተገሠጸ ልጅ ልብ ግን እንዲህ ቶሎ አይተካም። ስለዚህ፥ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ጥቅሉ ያለ ልክ ያለቀ እንደ ሆነ በልጆቻችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት የራውተሩን ዝርዝር ተመልከቱ።

፬። የቁልፎቹ ትውልድ

የዋይፋይ ቁልፎች እንደ ሰው ትውልድ አላቸው፤ የፊተኛው አርጅቶ የኋለኛው ይተካዋል። የመጀመሪያው ቁልፍ ዌፕ የተባለው ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 ወጣ። በ2001 ግን ሊቃውንት መርምረው ደካማነቱን ገለጡ፤ ዛሬ በጥቂት ደቂቃ ይሰበራል። ስለዚህ ዌፕ ብቻ ያለውን መሣሪያ ቁልፍ እንደሌለው ቁጠሩት።

በ2003 ደብልዩ ፒ ኤ የተባለው ለጊዜው መጠገኛ ወጣ፤ በ2004 ደግሞ ደብልዩ ፒ ኤ 2 ተተካ። ይህ ሁለተኛው በመልካም የይለፍ ቃል ቢጠበቅ እስከ ዛሬ ያገለግላል። በ2018 ደብልዩ ፒ ኤ 3 ወጣ። የሁለቱ ልዩነት ይህ ነው። በ2ኛው የሚሠራ መረብ ላይ ሌባው ስልክና ራውተር ሰላምታ ሲለዋወጡ ያንን ሰላምታ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በዚያም በኮምፒዩተር ያለ ማቋረጥ የይለፍ ቃሉን ሲገምት ያድራል። በ3ኛው ግን በመረቡ አጠገብ ሆኖ አንድ በአንድ ከመሞከር በቀር ይህን ማድረግ እንዳይችል ተደርጎ ተሠርቷል።

ደግሞም መልካሙ ቁልፍ ራሱ ጥገና እንደሚያሻው የሚያስረዳ ነገር በጥቅምት ወር 2010 ዓ.ም. ሆኗል። በቤልጅግ አገር በሌቨን ዩኒቨርሲቲ የሚመራመር ማቲ ቫንሆፍ የተባለ ሊቅ በደብልዩ ፒ ኤ 2 አሠራር ውስጥ አንድ ስንጥቅ አግኝቶ ለዓለም ገለጠ። የስልክና የራውተር ሠሪዎችም የመሣሪያዎቻቸውን ውስጣዊ ፕሮግራም አድሰው ላኩ። ዕድሳቱን የተቀበለው መሣሪያ ዳነ፤ ሠሪው የተወው አሮጌ መሣሪያ ግን ከነስንጥቁ ቀረ። መሣሪያ ስንገዛ የሠሪውን ትጋት የምንጠይቀው ስለዚህ ነው።

፭። የይለፍ ቃል እንዴት ይመረጣል

በሒሳብ እንመልከተው። የይለፍ ቃሉ ስምንት የቁጥር ምልክቶች ብቻ ቢሆን፥ ሊሆኑ የሚችሉት ሁሉ 100,000,000 ናቸው። ይህ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን በሴኮንድ 100,000 ጊዜ የሚሞክር ኮምፒዩተር በ1,000 ሴኮንድ፥ ማለት 17 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ፥ ሁሉን ሞክሮ ይጨርሳቸዋል። ከዚህም የሚፈጥኑ አሉ። የስልክ ቁጥር አሥር ምልክት ስላለው የሚሻል እንዳይመስላችሁ፤ የእጅ ስልክ መጀመሪያ 09 ወይም 07 መሆኑን ሁሉ ስለሚያውቅ፥ የሚገመተው ያው ስምንቱ ነው። የልጅ ስም፥ የልደት ዓመት፥ የከተማ ስም፥ የታወቀ ምሳሌያዊ አነጋገር እነዚህ ሁሉ ቶሎ ይገመታሉ።

የሚሻለው በዕጣ የወጡ አምስት የማይገናኙ ቃላት ናቸው። መምህር ሆይ፥ ይህን በክፍልዎ ሊያሳዩት ይችላሉ። ሃምሳ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው አርባ ልዩ ልዩ ቃል በቁራጭ ወረቀት ቢጽፉ 2,000 ቃል ይሆናል። ወረቀቶቹ በቆብ ተቀላቅለው አምስት ዕጣ ቢወጣ፥ «ጀበና ዝናብ ሰንበሌጥ ምሰሶ ግመል» የመሰለ ነገር ይገኛል። ከ2,000 ቃላት አምስት ሲወጡ ሊሆኑ የሚችሉት ቅንብሮች ብዛት፥ ያው ኮምፒዩተር ሁሉን ለመሞከር ከ10,000 ዓመት በላይ እንዲፈጅበት ያደርገዋል። ሆኖም ሰው ነገር ፈጥሮ ያስታውሰዋል፤ ግመሉ በዝናብ ጊዜ ምሰሶ ሥር ቆሞ ጀበናውን እያየ ሰንበሌጥ ሲበላ በልቡ ይሥለዋል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፥ መሣሪያው የሚቀበለው የላቲን ፊደል ስለ ሆነ ቃላቱ በዚያ ፊደል ይጻፋሉ፤ በቁቤ የተማረ ልጅ ይህ አይቸግረውም። ሁለተኛ፥ የይለፍ ቃሉ ከ8 ምልክት ማነስ፥ ከ63ም መብለጥ አይችልም። ሦስተኛ፥ በክፍል በሰው ፊት የወጣውን፥ ወይም በዚህ ወረቀት የታተመውን ቃል ለቤታችሁ አታድርጉ፤ በቤታችሁ ለብቻችሁ ዕጣ አውጡ።

፮። በመሣሪያው ውስጥ የሚደረጉ ነገሮች

ራውተር ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ ወደ መረቡ መግቢያ ነው፤ ይህ እንደ ግቢው በር ቁልፍ ነው። ሁለተኛው ወደ መሣሪያው አስተዳደር ገጽ መግቢያ ነው፤ ይህ ገንዘብና ሰነድ እንደሚቀመጥበት የሣጥን ቁልፍ ነው። ብዙ ሰው የፊተኛውን ለውጦ ሁለተኛውን ከፋብሪካ እንደ መጣ ይተወዋል። ከፋብሪካ የመጣው ግን ለብዙ መሣሪያ አንድ ሊሆን ስለሚችል ሌቦች ሁሉ ያውቁታል። በፈረንጆች 2016 ሚራይ የተባለ ክፉ ፕሮግራም ከ60 በላይ የሆኑ እነዚህን የታወቁ የፋብሪካ ስሞችና የይለፍ ቃሎች እየሞከረ፥ በዓለም ሁሉ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ማረከ። ባለቤቶቹም መሣሪያዎቻቸው ለሌላ ጌታ እንደሚሠሩ አላወቁም ነበር። ስለዚህ ሁለቱም ቁልፎች ይለወጡ፤ ደግሞም የተለያዩ ይሁኑ።

ደብልዩ ፒ ኤስ የተባለው መንገድ ይዘጋ። ይህ የይለፍ ቃል ሳይጻፍ ስምንት አኃዝ ባለው ቁጥር ለመግባት የተሠራ አቋራጭ ነው። በ2011 መጨረሻ አንድ ተመራማሪ እንዳሳየው፥ መሣሪያው ቁጥሩን በሁለት ከፍሎ ስለሚመረምረውና የመጨረሻው አኃዝ ከሌሎቹ ተሰልቶ ስለሚገኝ፥ ሌባው 100,000,000 ጊዜ ሳይሆን 11,000 ጊዜ ቢሞክር ይበቃዋል። አቋራጩ ለባለቤቱ ከሚጠቅመው ይልቅ ለሌባው ጠቅሟል።

ከሩቅ ሆኖ መሣሪያውን ማስተዳደር የሚፈቅደው ክፍል ይዘጋ። የዕድሳቱ ክፍል ደግሞ በየጊዜው ይታይ፤ ራሱ የሚታደስ ከሆነ ይከፈት። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ቪፒኤንፊልተር የተባለ ክፉ ፕሮግራም በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 መሣሪያዎችን ይዞ ተገኝቷል፤ ዕድሳት ያጣ መሣሪያ ለእንዲህ ያለው ምቹ መግቢያ ነው።

አንዳንድ ሰዎች የመረቡን ስም በመሰወር ብቻ የሚድኑ ይመስላቸዋል። ይህ የቤትን ቁጥር ፍቆ በሩን ከፍቶ እንደ መተው ነው፤ ለሚፈልገው ሰው ማዕበሉ ራሱ ይነግረዋል።

፯። ስለ ጎረቤት

እነሆ በዚህ ትምህርት ከሁሉ የሚከብደው የጎረቤት ነገር ነው። «የይለፍ ቃሉን ንገረኝ» ብሎ የመጣውን ጎረቤት መከልከል በአገራችን ልማድ ነውር ይመስላል። በእውነትም የአንዱ ልጅ ትምህርቱን ሲከታተል የሌላው ልጅ በአጥር ዳር ቆሞ ቢያይ ደስ አያሰኝም።

ነገር ግን አባቶቻችን ምን ያደርጉ እንደ ነበር አስቡ። ጎረቤት እሳት ሊጭር ቢመጣ ፍም ይሰጡታል እንጂ ምድጃውን ነቅለው አይሰጡትም። በዘመኑ መሣሪያም እንዲሁ ይቻላል። ብዙ ራውተሮች የእንግዳ መረብ የሚባል ሁለተኛ መረብ አላቸው፤ ስሙም የይለፍ ቃሉም ለብቻው ነው። እንግዳው በርሱ ወደ ኢንተርኔት ይወጣል፤ በቤቱ ውስጥ ያሉትን ኮምፒዩተሮች ግን አያይም። በአንዳንዱም መሣሪያ ለእንግዳው የሚደርሰውን ፍጥነት መወሰን ይቻላል። ባለቤቱ በየወሩ የእንግዳውን ቃል ቢለውጥ ማንም አይቀየመውም፤ የቤቱ ቃል አልተለወጠምና። በጭሮ ለኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክፍል የሚያከራዩ ሰዎች፥ ሻይ ቤት ያላቸውም፥ ይልቁንም ይህን ያድርጉ። ከትምህርት ቤትም የፈተናና የውጤት መዝገብ ያለበት ኮምፒዩተር ተማሪዎች ከሚጠቀሙበት መረብ ይለይ።

፰። መሣሪያ ሲገዛ የሚጠየቁ ነገሮች

ወደ ገበያ ከመሄዳችሁ አስቀድማችሁ በምን መንገድ ኢንተርኔት እንደምታገኙ ለዩ። ለመዳብ ሽቦ የተሠራው መሣሪያ ለፋይበር አይሆንም፤ ለፋይበር የተሠራውም ለሲም ካርድ አይሆንም። በከተማ ያለ ሰው ሽቦ ወይም ፋይበር እስከ ሰፈሩ መድረሱን ከኢትዮ ቴሌኮም መሸጫ ጠይቆ ይረዳ። ሽቦ በማይደርስበት ገጠር ያለ ግን የሲም ካርዱን ይመርጣል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ሁለት ኩባንያዎች ስላሉ፥ በመንደራችሁ የሚሻለው የትኛው እንደ ሆነ በመሞከር ይታወቃል። አሞካከሩም ቀላል ነው። የሁለቱን ሲም ካርድ ተራ በተራ በስልክ አግብታችሁ፥ ራውተሩ በሚቀመጥበት ስፍራ፥ ጧትም ማታም ፍጥነቱን ተመልከቱ። ከተራራ ጀርባ ያለ ቤትና በኮረብታ ላይ ያለ ቤት አንድ መንደር ሆነው ሳለ አንድ አያገኙም። ደግሞም ለአንድ ኩባንያ ሲም ብቻ የተቆለፈ መሣሪያ እንዳይሆን ጠይቁ።

ከዚህ በኋላ እነዚህን ነገሮች በካርቶኑ ላይ አንብቡ፤ ሻጩንም ጠይቁ።

ቁልፉ ቢያንስ ደብልዩ ፒ ኤ 2፥ ቢቻል ደብልዩ ፒ ኤ 3 ይሁን። ሠሪው የታወቀ፥ ለዚያ ዓይነት መሣሪያ እስከ ዛሬ ዕድሳት የሚልክ ይሁን፤ ይህ በሠሪው ገጽ ላይ የመሣሪያውን ቁጥር በመፈለግ ይታወቃል። የእንግዳ መረብ ይኑረው። ሁለቱ መደቦች፥ 2.4ና 5፥ ይኑሩት። የመገናኛ መሣሪያዎችን ዓይነት የሚያጸድቀው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለ ሆነ፥ የጸደቀ መሆኑንም ጠይቁ።

ስለ ፍጥነት በካርቶን ላይ በተጻፈው ትልቅ ቁጥር አትታለሉ። ከደጅ የሚመጣው 10 ሜጋቢት ከሆነ 3,000 የተጻፈበት ራውተር ከ10 አያሳልፈውም፤ ቧንቧው ጠባብ ሳለ በርሜሉን ማስፋት ውሃውን አያበዛውም። ዋይፋይ 4፥ 5፥ 6 የሚባሉት ትውልዶች ናቸው፤ ለአንድ ቤተ ሰብ 5ኛው ይበቃል፤ ብዙ ሰው ለሚጠቀምበት ትምህርት ቤት 6ኛው ይሻላል፤ ብዙ መሣሪያዎችን በአንድ ጊዜ ለማስተናገድ ታስቦ ተሠርቷልና።

ያገለገለ መሣሪያ መግዛት ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ዕድሳት የቀረበት እንዳይሆን ይታይ። በተገዛም ጊዜ፥ በጀርባው ያለችው ትንሽ ቁልፍ በስፒል ጫፍ አሥር ሴኮንድ ያህል ተጭናችሁ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መልሱት፤ የቀድሞው ባለቤት የተወው ነገር ሁሉ ይጥፋ። የራሳችሁንም ስትሸጡ እንዲሁ አድርጉ።

፱። አቀማመጥና አያያዝ

ራውተር በቤቱ መካከል፥ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ፥ ከብረት ቁም ሣጥንና ከማይክሮዌቭ ምድጃ ርቆ ይቀመጥ። ማይክሮዌቩ በ2.4 መደብ አጠገብ ስለሚሠራ ማዕበሉን ይረብሻል። የሲም ካርዱ ራውተር ግን ምልክቱ በሚበረታበት መስኮት አጠገብ ይሁን። እንደ ሚኤሶ ባለ ቆላ መሣሪያው አየር እንዲያገኝ ይደረግ፤ በጨርቅ አይሸፈን።

መብራት ሲቋረጥ መረቡ እንዳይጠፋ የሚፈልግ ሰው ለራውተር የተሠራ ትንሽ ባትሪ፥ ሚኒ ዩፒኤስ የሚባለውን፥ ይግዛ። ነገር ግን የሚሰጠው ቮልት ከራውተሩ ጋር አንድ ይሁን። ራውተሩ 9 ቮልት ጠይቆ ባትሪው 12 ቢሰጠው ሊቃጠል ይችላል፤ ቁጥሩ በመሣሪያው ግርጌ ተጽፏል። በክረምት መብረቅ ሲበረታ የመብራቱንም የመዳቡን ሽቦም ንቀሉ፤ ፋይበሩ መስታወት ስለ ሆነ ኤሌክትሪክ አይሄድበትም፤ የመብራት ገመዱ ግን ይነቀል።

፲። ከቤት ውጭና በሕግ ፊት

በሻይ ቤት ቁልፍ የሌለው መረብ ብታገኙ ዜና ለማንበብ ይሁን እንጂ ገንዘብ አትላኩበት። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ገንዘቡን በስልኩ ይዞ ይሄዳል። እርግጥ የባንክና የገንዘብ ፕሮግራሞች ለራሳቸው ሌላ ምሥጢራዊ ጽሕፈት አላቸው፤ ነገር ግን ክፉ ሰው የሻይ ቤቱን መረብ ስም አስመስሎ የራሱን መረብ ሊዘረጋ፥ በርሱም ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሊመራችሁ ይችላል። በዚህ ጊዜ በራሳችሁ ሲም መላክ ይሻላል። የምሥጢር ቁጥራችሁንም ለማንም አትንገሩ።

የሌላውን መረብ ያለ ፈቃድ መክፈትም ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሆነ ብሎ ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት ወይም መረብ መግባትን ወንጀል አድርጎ ይቀጣል። የሰውን በር ሰብሮ የገባ ሰው «ምንም አልወሰድሁም» ቢል ከጥፋቱ አይነጻም፤ ይህም እንዲሁ ነው።

መደምደሚያ

ልጆች ሆይ፥ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ከወላጆቻችሁ ፈቃድ ጠይቃችሁ አራት ነገር አድርጉ። የተያያዙትን መሣሪያዎች ቁጠሩ። ሁለቱን የይለፍ ቃሎች ለውጡ። አቋራጩን ዝጉ። ዕድሳት ካለ አድሱ። አዲሱን ቃል በወረቀት ጽፋችሁ ከቤቱ ሰነድ ጋር በሣጥን አስቀምጡት፤ በግድግዳ ግን አትለጥፉት። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ ጊዜ አይፈጅም፤ ገንዘብም አያስወጣም። መረቡ የቤታችሁ በር ነው፤ በሩን ዘግቶ ማደር የመላው ቤተ ሰብ ዕረፍት ነው።

ጥያቄዎች

1. በሽቦ የሚሄደውንና በአየር የሚሄደውን መልእክት ለመጠበቅ ያለው ልዩነት ምንድር ነው?
2. የስልክ ቁጥርን የይለፍ ቃል ማድረግ ስለ ምን አይገባም? በሒሳብ አስረዱ።
3. የራውተር ሁለቱ ቁልፎች ምንና ምን ናቸው?
4. የእንግዳ መረብ ለባለቤቱም ለጎረቤቱም የሚጠቅመው እንዴት ነው?
5. በመንደራችሁ ራውተር ለመግዛት የሚፈልግ ሰው ምክር ቢጠይቃችሁ አስቀድማችሁ ምን ትጠይቁታላችሁ?